የአበበ ቢቂላ ሦስተኛው ድል

አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብቶ ያልጮኸ የአዲስ አበባ ኳስ አፍቃሪ ጥቂት ነው። ስንት የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አይተንበታል! ማሊያ ለብሰን፣ ቆሎ እየቆረጠምን፣ ዳኛውን እየረገምን ዘጠና ደቂቃ ተቀምጠንበታል። ባለፈው ሳምንት በትከሻችን የተሸከምነውን አጥቂ በሚቀጥለው ሳምንት ያለቀለት ኳስ ሲስት የሰደብነውም እዚያው ነው። ስሙን ስለሰጠው ሰው ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፤ በቃ።

እውነቱን ለመናገር የአበበ ታሪክ ከዚያ ይበልጣል። ይህ ሰው አሸንፏል፣ ተሸንፏል፣ ውድድር አቋርጦ ወጥቷል፣ በመጨረሻም ዓለምን ያስደነቁ እግሮቹ አልታዘዝ ብለውታል። እኛ ደጋፊዎች የአሸናፊን ታሪክ መስማት እንወዳለን። የወደቀን ሰው ታሪክ ግን እስከ መጨረሻው አንሰማም። ለዚህ ነው ዛሬ የአበበን ሕይወት ከሁለቱ ወርቆች አሳልፈን ማየት የፈለግነው።

የጃቶው እረኛ

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ያልንባቸው ዓመቶች በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) አጋጣሚው ይገርማል፤ በዚያች ዕለት ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። የተወለደባት መንደር ጃቶ ትባላለች። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማትርቀው በመንዲዳ አካባቢ ትገኛለች። አገሩን የረገጠ ሰው ያውቀዋል፤ ደጋ ነው፣ ገብስና በግ ነው፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ደብረ ብርሃን ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። ዛሬ የውጭ አገር ሯጮች ገንዘብ ከፍለው የሚፈልጉትን ቀጭን አየር አበበ በነፃ ሲተነፍሰው አደገ።

ነፃ የነበረው ግን አየሩ ብቻ ነው። ቤተሰቡ የኦሮሞ ገበሬ ቤተሰብ ነው፤ ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። አበበ ገና የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ፋሽስት ኢጣሊያ አገራችንን ወረረች። ቤተሰቡም ቀዬውን ጥሎ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ስፍራ ተሰደደ። እናትና አባቱ ተለያዩ፤ እናቱ ወይዘሮ ውድነሽ ሌላ ባል አገቡ። ብላቴናው የልጅነት ጊዜውን ከብት ሲጠብቅ አሳለፈ።

ኳስ አፍቃሪዎች ይቺን ልብ በሉልኝ። አበበ በልጅነቱ ጎበዝ የገና ተጫዋች ነበር። ገናን ታውቁታላችሁ፤ በዱላ ሩሯን እየመቱ መሮጥ ነው። ሜዳው መስመር የለውም፣ አንዳንዴም ከአንዱ ጎል እስከ ሌላው ጎል ድረስ ያለው ርቀት ኪሎ ሜትሮችን ይፈጃል። በእንደዚህ ዓይነት ሜዳ ወዲያ ወዲህ ሲል የዋለ ልጅ ትንፋሹ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

ክብር ዘበኛ

አበበ ለአቅመ አዳም ሲደርስ እንደ ብዙ የገጠር ወጣት እንጀራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በ1944 ዓ.ም. ገደማ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። ያኔ ማንም ሯጭ ብሎ አያውቀውም፤ ተራ ወታደር ነው። ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ በሩጫ እየተመላለሰ እግሩን ያፍታታ እንደነበር ይነገራል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ፣ ወደ ሜልቦርን ስትሄድ፣ የአገራቸው ስም የተጻፈበት ቱታ የለበሱትን አትሌቶች አይቶ እንደቀናም የሚያወሩ አሉ።

የክብር ዘበኛን ሯጮች ያሠለጥኑ የነበሩት ስዊድናዊው ሻለቃ ኦኒ ኒስካነን ናቸው። እኚህ ሰው አበበን አዩት፣ ያዙት፣ አልለቀቁትም። አረማመዱን አስተካከሉ፣ ኃይሉን ለመጨረሻው ሰዓት እንዲቆጥብ አስተማሩት።

የሮም ጉዞው ላይ አንድ የታወቀ ወሬ አለ። በዘመኑ ስሙ የገነነው ሯጭ ዋሚ ቢራቱ ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ተጎድቶ ነው አበበ በመጨረሻው ሰዓት ተቀይሮ የገባው ይባላል። እንግዲህ በእኛ በኳሱ ቋንቋ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ ጎል ያገባ ተጫዋች መሆኑ ነው። ወሬው ይጣፍጣል። ይሁን እንጂ አበበ ዝም ብሎ በዕድል የገባ ሰው አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ማጣሪያ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገብቷል። ይህ ሰዓት ታላቁ የቼኮዝሎቫኪያ ሯጭ ኤሚል ዛቶፔክ ሄልሲንኪ ላይ ካስመዘገበው የኦሊምፒክ ሪከርድ የተሻለ ነው። ያውም በአዲስ አበባ ከፍታ!

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ

የሮም ማራቶን የተሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አስተዋላችሁት? የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። አገር ቤት ችቦ በሚበራበት ምሽት፣ ሮም ላይም የኢጣሊያ ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳርና ዳር ችቦ ይዘው ቆመው ለሯጮቹ ያበሩ ነበር። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ተጀምሮ ያለቀው ጨለማ ውስጥ ነው።

አበበ 11 ቁጥር ለብሷል፤ እግሩ ባዶ ነው። የቀረበለት ጫማ አልስማማው ስላለ እንደለመደው በባዶ እግሩ መሮጥን መረጠ። ኒስካነን ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን እንዲጠብቅ ነግረውታል፤ ቁጥሩ 26 ነው ተብሏል። ሰውየው ግን ባልታወቀ ምክንያት የ10 ሺህ ሜትሩን 185 ቁጥር እንደለበሰ ሮጠ። አበበ 26 ቁጥርን ከፊቱ ሲፈልግ፣ የሚፈልገው ሰው ለካስ አጠገቡ ነው! እንዲያ ጎን ለጎን ሲሄዱ ቆዩና መጨረሻው ሲቃረብ አበበ ጥሎት ሄደ። ያመለጠውም ኢጣሊያኖች ከአክሱም ዘርፈው ሮም ላይ ባቆሙት ሐውልት አካባቢ ነው። (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆሟል።) በስተመጨረሻ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ስር 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ገባ። ራዲ የደረሰው ከ25 ሰከንድ በኋላ ነው። በልጅነቱ ከቀዬው ያፈናቀለው የፋሽስት ጦር በተነሣባት ከተማ የአንድ ገበሬ ልጅ የዓለም ምርጥ ሰዓት ይዞ አሸነፈ። ከጥቁር አፍሪካ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅም ይኸው ሆነ።

ከሦስት ወር በኋላ

ጀግና ሆኖ የተመለሰው አበበ ደስታውን በቅጡ ሳያጣጥም ታኅሣሥ መጣ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል በነበሩበት ጊዜ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመንግሥት ግልበጣ ሞከሩ። አዲስ አበባ በጥይት ታመሰች። ሙከራው ከሸፈ፤ ጄኔራሉም በኋላ ተሰቀሉ። አብረውት ይበሉ ይጠጡ ከነበሩት የክብር ዘበኛ ባልደረቦቹ ብዙዎቹ ሞቱ፣ ታሰሩ፣ ተበተኑ። አበበ በግርግሩ እጁ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ለጥቂት ጊዜ ታስሮ ተመረመረ። በጳጉሜ አንገቱ ላይ ወርቅ ተንጠልጥሎለት በታኅሣሥ እስረኛ ሆነ። ክብርና ውርደት በሦስት ወር ውስጥ ሲፈራረቁ ያየ ሰው ጭብጨባን ብዙ አያምንም።

ከእስር ወጥቶ ሩጫውን ቀጠለ። በ1953 ዓ.ም. ግሪክና ጃፓን ላይ፣ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ቼኮዝሎቫኪያ ላይ አሸነፈ። በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሣ አገሩ ሁሉ በስፖርት ሰክሮ ነበር። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ግን አበበ ቦስተን ላይ 5ኛ ወጣ። እስከ መጨረሻው ሮጦ ያላሸነፈው ዓለም አቀፍ ማራቶን ይህ ብቻ ነው። አለቀለት ያሉም አልጠፉም።

ቶኪዮ

አለቀለት የተባለው ሰው ለቶኪዮ ሲዘጋጅ ሌላ ጣጣ መጣበት። ውድድሩ አምስት ሳምንት ሲቀረው ትርፍ አንጀት ታመመና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዛሬ እንዲህ የሆነ ተጫዋች ስንት ጨዋታ እንደሚያመልጠው አስቡት። አበበ ቁስሉ በቅጡ ሳይጠግ ቶኪዮ ገባ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በዚህኛው ጊዜ ጫማ አድርጎ ሮጠ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ! አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ነው። ሁለተኛ የወጣው እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ስታዲየም የገባው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። አበበ እሱን በመጠበቅ ፈንታ ሣሩ ላይ ተጋድሞ ስፖርት ይሠራ ጀመር፤ ተመልካቹ ጉድ አለ። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

በዚያው ስታዲየም ውስጥ ሌላ ታሪክ ነበር። ጃፓናዊው ኮኪቺ ቱቡራያ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት፣ መጨረሻዋ ላይ በሂትሊ ተቀደመ። ነሐስ ማምጣቱ ለሱ ድል አልነበረም፤ አገሬን አዋረድኩ ብሎ አመነ። ጉዳት ተጨመረበት፣ ለሜክሲኮ የመድረስ ተስፋው መነመነ። በ1960 ዓ.ም. በገና ሰሞን በ27 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ደጋፊ የሚጭነው ሸክም ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ የለም።

አበበም ቢሆን ከሸክሙ አላመለጠም። ከቶኪዮ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ነጭ ቮልስዋገን መኪና ሸለሙት። ሕዝቡ ሦስተኛ ወርቅ ይጠብቅ ጀመር። በ1959 ዓ.ም. ክረምት ግን ስፔን ላይ እግሩን ተጎዳ። ከዚያ በኋላ አንድም ማራቶን አልጨረሰም። ሜክሲኮ ላይ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ከነጉዳቱ ተሰለፈ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጦ ወጣ። ወርቁን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። ለኢትዮጵያ ሦስተኛ ተከታታይ ድል ሆነ፤ ለአበበ ግን የሩጫ ዘመኑ መደምደሚያ ነበር።

የሸኖ መንገድ

ሻምበል አበበ ከሜክሲኮ በተመለሰ በአምስት ወሩ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት፣ የተሸለመውን ቮልስዋገን እየነዳ ነበር። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ሸኖ ነው። ጃቶ የተወለደው ልጅ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ከዚሁ ወገን ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈችው ልጁ ፅጌ አበበ እንዳሰፈረችው፣ ከፊት ለፊቱ በፍጥነት የመጣ ላንድሮቨር ለማምለጥ ሲል መኪናው ተገለበጠ። አበበ ውስጡ ተይዞ በዚያ ብርድ ሌሊቱን አሳለፈ። ያወጡት ሲነጋ ነው።

ጉዳቱ አንገቱና አከርካሪው ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር አቅቶት ነበር። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ስምንት ወር ታከመ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳይቀሩ መጥተው ጠየቁት። እጆቹ ቀስ በቀስ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ከወገቡ በታች ግን ያው ሆኖ ቀረ። 42 ኪሎ ሜትር የማይበግራቸው እግሮች ከአልጋ መውረድ ተሳናቸው። ሰውየው 36 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ማንም አይፈርድበትም ነበር። ወደ ቤቱ ተመልሶ በር ዘግቶ ቢቀመጥ፣ ፈጣሪውን ቢያማርር፣ መኪናውን ቢረግም ማን ምን ይለዋል? እሱ ግን ድሉንም አደጋውንም ከእግዚአብሔር እንደመጣ አድርጎ መቀበሉን ነው የተናገረው። አፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኛም ባልጻፍነው። እሱ ግን በሥራ አሳየው።

ሦስተኛው ድል

ስቶክ ማንዴቪል ተራ ሆስፒታል አይደለም። ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን፣ አከርካሪያቸው ለተጎዳ ሰዎች ስፖርት መድኃኒት ነው ብለው ያመኑበት ስፍራ ነው። በ1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሉ 16 ታማሚዎችን በቀስት ዒላማ አወዳደሩ። ከዚያች ትንሽ ውድድር ነው የዛሬው ፓራሊምፒክ የተወለደው። የሚገርመው፣ አበበ ሮም ላይ ባሸነፈ በሳምንቱ በዚያው ከተማ የዊልቸር አትሌቶች ውድድር ተጀምሮ ነበር፤ ያኛው ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይቆጠራል። በዚያን ሰሞን አበበ አንድ ቀን ከነሱ ጋር እሰለፋለሁ ብሎ እንዴት ያስብ?

ተሰለፈ። በሐምሌ 1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ላይ በቀስት ዒላማና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። ወርቅ አላገኘም። አስቡት እንግዲህ፤ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው በማያውቀው ስፖርት ጀማሪ ሆኖ፣ መሸነፍን ሳያፍር ተሰልፏል። ኩራቱን መዋጥ ማራቶን ከማሸነፍ ይከብዳል።

በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ደግሞ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ኖርዌይ ተጋበዘ። የተጠራው በእንግድነት ነው፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ማጨብጨብ አልሆነለትም። ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ ውድድር ላይ ገባ። የደብረ ብርሃን ብርድ ያሳደገው ሰው በረዶ ላይ 16 ተፎካካሪዎችን ቀድሞ በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ ወጣ! ከቶኪዮ ወዲህ ይህን ያህል ያስወራ ድል አልነበረውም።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ የሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆነ። በተሽከርካሪ ወንበር ስታዲየም ሲገባ ሕዝቡ ብድግ ብሎ ተቀበለው። ማራቶኑን አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴ ነሐስ አገኘ። ሾርተር ሜዳልያውን ከተቀበለ በኋላ ቀጥታ የሄደው አበበ ወዳለበት ነው፤ ዝቅ ብሎ እጁን ጨበጠው። አዲሱ ሻምፒዮን አሮጌውን ሻምፒዮን የጠየቀው ሮጦ ስለማያውቅ ሳይሆን፣ ወድቆ ስላልቀረ ነው ብለን እናምናለን።

ሩጫው ግን አጭር ሆነ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ በጭንቅላት ውስጥ ደም መፍሰስ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ አረፈ። መነሻው ያው የመኪና አደጋው ነው። 41 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ወይዘሮ የውብዳርና አራት ልጆቹ ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጁ። በቅዱስ ዮሴፍ ሲቀበር 65 ሺህ ያህል ሕዝብ እንደሸኘው ይገመታል። ከ28 ዓመት በኋላ በ1994 ዓ.ም. ማሞ ወልዴም ያረፈው እዚያው ነው።

ወደ ስታዲየማችን እንመለስ። በር ላይ የተጻፈው ስም የሁለት ወርቅ ባለቤት ስም ብቻ አይደለም። 5ኛ የወጣ፣ አቋርጦ የወጣ፣ ታስሮ የወጣ፣ መኪና ውስጥ ተጣብቆ ያደረ፣ ከዚያም ዊልቸሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ጀማሪ እንደገና የተሰለፈ ሰው ስም ነው። የምንወደው ልጅ ፍፁም ቅጣት ምት ሲስት፣ ጉልበቱ ተሰብሮ ተሸክመውት ሲወጣ፣ ከቡድኑ ሲሰናበት ፉጨታችንን ከመልቀቃችን በፊት የበሩን ጽሑፍ ቀና ብለን እንይ። አበበ እግር እያለው ዓለምን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። ሦስተኛውን ድል ግን ያገኘው እግሩን ካጣ በኋላ ነው።